በሰቆጣ ወፍጮ ቤት የተፈተነው ዘገባ

የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ያየውን ሁሉ ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን ከሰቆጣ ተመልሼ አዳማ ቤቴ ተቀምጬ ስጽፍ ግን አውቄ የደበቅሁት፣ አውቄም የለወጥሁት ብዙ ነገር አለ። መንገዱ እውነት ነው፤ የሰው ደግነትም እውነት ነው። ነገር ግን በመሃሉ አንዲት ልጅ አለች። የእሷ መንደር፣ ዕድሜዋ፣ ቤታቸው፣ እናቷ ገበያ ይዛ የምትወጣው ነገር፣ አንዱም እንዳለ አልተጻፈም። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

ሥራዬ ሬዲዮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በሌላ አካባቢ፣ ደላላ አታሎ ወስዶ ለመጥፎ ሥራ ስላዋላት አንዲት ታዳጊ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ስሟን ለውጫለሁ፤ ድምፅዋንም አጎርንኛለሁ። ግን ዘገባው ነፍስ እንዲኖረው ብዬ የእናቷን የጉልት ቦታ፣ ከጎኑ ያለውን ዋርካ፣ የታናሽ ወንድሟን ሽባ እግር ጨመርሁበት። ዘገባው ተሸለመ። በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማን እንደሆነች አውቆ ነበር፤ ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ወዴት እንደሄደች እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። የሽልማቱ ወረቀት ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሁለት ዓመት ተሰቅሎ ቆየ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ጎሽ» ሲለኝ ቡና ላፍላ ብዬ እነሣለሁ። በኋላ አውርጄ አልጋ ሥር ከተትሁት።

ወይዘሮ ደብሪቱ ስለሚባሉ ሴት የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። የዋግ ከተማ በሆነችው ሰቆጣ ውስጥ በአካባቢው ሬዲዮ በአማርኛና በኽምጣኛ ፕሮግራም ያዘጋጃሉ፤ በደላላ ተታለው ስለተበደሉ ልጆች ለዓመታት ዘግበዋል፤ ከነዚያ ልጆች አንዷም አልታወቀችባቸውም። ማመን አቃተኝ። ደወልሁላቸው። መናገር የምትፈልግ ልጅ አለች፣ እናቷም ፈቅዳለች፣ ነይ አሉኝ። «መቅረጫሽን ግን እዚያው ተይው» አሉና ስልኩን ዘጉት።

መቅረጫዬን ይዤ ሄድሁ። እንዲህ ነኝ።

እስከ ላሊበላ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በሚኒባስ ነበር የመጀመሪያው ቀን። አዳማ የተወለደ ሰው መሬት ማለት ሜዳ ይመስለዋል፤ ዳገት ካየን ባጃጅ እንጠራለን። እዚህ ግን መንገዱ ተራራውን ዞሮ ዞሮ ሲጨርስ ሌላ ተራራ ያቀብለዋል። ቢልባላን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። እኛ ጋ ቢሆን ተሳፋሪው መጀመሪያ ሹፌሩን፣ ቀጥሎ ባለ መኪናውን፣ ጊዜ ከተረፈው መንግሥትን ይሰድብ ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ማንም ሳያዛቸው ወርደው ለጎማው መደገፊያ ድንጋይ ይለቅሙ ጀመር። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት የበሶ ቋጠሮዋን ፈትታ፣ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ፣ ግማሹን መዳፌ ላይ አደረገችልኝ። በልጅነቴ እንኳ እንደዚያ ቀን በሶ በስስት በልቼ አላውቅም።

ሰቆጣ ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ባለ ጎማ ሻንጣዬን መጎተት ጀመርሁ። የሰቆጣ ኮረት የሻንጣ ጎማ የሚያውቅ አይደለም፤ መቶ እርምጃ ሳልሄድ አንዱ ጎማ ተነቅሎ ቁልቁል ተንከባለለ። እሱን ሳባርር ያዩኝ ሐጂ እንድሪስ ናቸው፤ ደብሪቱ የማርፍበትን ክፍል የያዙልኝ ከእሳቸው ዘንድ ነበር። ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ አላቸው፤ ከጨው እስከ ባትሪ ድንጋይ የሌለ የለም። ጎማውን ከእግራቸው ሥር አንስተው አራገፉና «አብሽሪ ልጄ፣ አገሩ ገና ሲተዋወቅሽ ነው» አሉኝ። ባለቤታቸው እግሬን የምታጠብበት ሙቅ ውኃ አቀረቡልኝ፤ ከዚያም የማሽላ እንጀራ በሽሮ። የጤፍ ልጅ ነኝ ብዬ የምኮራው ሴት ሁለተኛ ጨመርሁ።

በማግስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ። ሃምሳ አምስት የሚሆናቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ቀስ፣ ሲሄዱ ግን ፈጠን የሚሉ ሴት ናቸው። ኽምጣኛ የአፍ መፍቻቸው ነው፤ አማርኛቸው አጠር አጠር እያለ ይመጣል፤ አንድ ቃል አይባክንበትም። ሰላምታውን ከነቤተሰቤ፣ ከነጎረቤቴ፣ ከነዝናቡ ጠይቀው ሲያበቁ እጃቸውን ዘረጉ። መቅረጫዬን ነበር የሚፈልጉት። እንዴት እንዳወቁ አላውቅም። ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለሐጂ ሰጧቸው፤ ሐጂ ከሳሙናው ጀርባ አስቀመጡት። ድምፅ ማጎርነን እንደምችል፣ ኮምፒውተሩ ማንንም እንደማያስለይ ለማስረዳት ሞከርሁ።

«እታለም፣ እኛ አገር ሰው ከሩቅ በሳሉ ይታወቃል» አሉኝ። «ድምፁን ብታወፍሪው አነጋገሩ አለ። አነጋገሩን ብትቀይሪው ዝም የሚልበት ቦታ አለ።»

ያን ቀን ከተማውን ሲያዞሩኝ ዋልን። ሰቆጣ አጠገብ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ከመሄዴ በፊት አንብቤ ነበር፤ ሳላየው ተመለስሁ። ከዚያ ይልቅ የተማሪዎች ማደሪያ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ፣ ወፍጮ ቤት አሳዩኝ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ምን እንደምንሠራ ስጠይቃቸው «ጉዳያችን ኋላ እዚህ ነው» ብለው አለፉት።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ወዳለችበት ሄድን። ወደ ፃግብጂ ይሁን ወደ ዋጉ ዝቋላ ወይስ ወደ አምደወርቅ አልናገርም። በመኪና ይሁን በእግር፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ እሱንም አልናገርም። የበላነው ጥሩ ነበር፤ ምን እንደነበር ግን ይቅርባችሁ።

እናቲቱ ስመውኝ ሲያበቁ እንደገና ሳሙኝ። ልጅቷ ከእኔ ይልቅ የረጋች ናት። ዛሬ ትማራለች፤ ከክፍሏ ከፊተኞቹ እንደሆነች ደብሪቱ ቀድመው ነግረውኛል። የሆነችውን የሚያውቁ እናቷ፣ ደብሪቱና ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ብቻ ናቸው። ጎረቤት የሚያውቀው አክስቷ ዘንድ ከርማ እንደተመለሰች ነው። የወሰዳት ደላላ ተፈርዶበታል። ወስዶ ያስገባት ቤት ውስጥ ያሳለፈችውን እዚህ አልጽፍም፤ እሷም አልነገረችኝም፤ እኔም፣ ምስጋና ለደብሪቱ፣ አልጠየቅሁም። የነገረችኝ ሰውየው እንዴት እንደቀረባት ነው። ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ሰውየው ያለኝን ይንገሩልኝ» አለች። «አሁንም እንደሱ የሚሉ አሉ፤ ሌላዋም እንደኔ ታምናለች። እኔን ግን ይተዉኝ። ከታወቅሁ ትምህርቴ አበቃ፤ እናቴም ከሰው ፊት አትቆምም።»

ደብሪቱ ከጎኔ ሆነው ልጅቷ ያለችውን በልባቸው ሲይዙ አየኋቸው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በመስኮቱ አሻግሬ ግቢ የታሰረችውን በቅሎ እያየሁ ነበር። ዳልቻ በቅሎ ናት፤ ግራ ጆሮዋ ተቀዷል፤ ልጅቷ በተመለሰች ቀን ከሁሉም ቀድማ አውቃት አናፋች ብለው እናቷ ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ጋዜጠኛ መተው አይሆንለትም። (ይህችም በቅሎ በቅሎ አይደለችም። እንስሳውንም ለውጬዋለሁ፤ አትፈልጓት።)

አራተኛውን ቀን ሙሉ በሐጂ ግቢ ተቀምጬ ጻፍሁ። የሐጂ ባለቤት በየሰዓቱ አንድ ነገር ያቀርቡልኛል፤ የተቀቀለ ማሽላ፣ ነጭ ማር፣ እንደገና ማር። ሐጂ የሻንጣዬን ጎማ በሽቦ እያሰሩ፣ አዳማ በእውነት ያን ያህል ይሞቃል ወይ ይሉኛል። ስምዋን ለወጥሁ፣ ዕድሜዋን ለወጥሁ፣ ወረዳዋንም ለወጥሁ። ማታ ሳነበው አምሮልኛል። በቅሎዋ ጋ ስደርስ ራሴን አስለቀስሁት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለደብሪቱ አነበብሁላቸው። አላለቀሱም። እርሳስ አንስተው አንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ጫሩና «እንሂድ» አሉ። ወፍጮ ቤት ገባን።

ወፍጮው ተበላሽቶ እየተሠራ ስለነበር ሴቶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ከሦስት ወረዳ የመጣ ሰው አለ። ደብሪቱ መሃላቸው ገብተው ተቀመጡና ያን ሁሉ ሰላምታ ተለዋወጡ። ከዚያ፣ ለአንዲት ልጅ የአደራ መልእክት አለብኝ፣ ስሟ ግን ጠፋብኝ አሉ። ምልክቷን መናገር ጀመሩ። ምልክቱ ሁሉ ከእኔ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። የደረሰባትን አንዲት ቃል አላነሱም፤ ሬዲዮም፣ ደላላም፣ ፍርድ ቤትም የለም። አባቷ የሞተ፣ የበኩር ልጅ፣ እናቷ ማር የምትሸጥ፣ ትምህርት ቤቷ ከጉብታ ላይ ያለ። ሴቶቹ በአማርኛም በኽምጣኛም ይከራከሩ ጀመር። የእገሌ ልጅ ትሆን? አይደለችም፣ የእሷ አባት አለ። ሦስት ስም ተጠርቶ ሦስቱም ወደቀ። ልቤ ሞላ፤ አላወቋትም።

«ዳልቻ በቅሎ አለቻቸው፤ ጆሮዋ የተቀደደ» አሉ ደብሪቱ።

አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ሴት ሳቀች። ያችንማ ማን ያጣታል ብላ የልጅቷን ስም ከነአባቷ፣ መንደሯን ከነጎጡ ጠራችው። ትክክል ነበረች። ወረዳ መለወጤን ከምንም አልቆጠረችውም፤ ደብሪቱ ተሳስተው ነው ብላ አረመችላቸው እንጂ። ይህም አልበቃ ብሏት፣ ነገ በዚያ በኩል ስለምታልፍ መልእክቱን እኔ ላድርስ አለች። ፊቷ ደግነት ብቻ ነበር።

በበሩ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ደብሪቱ፣ የኔዋ ሌላ ሳትሆን አትቀርም ብለው ነገሩን አበረዱትና ተከትለውኝ መጡ። ያቺን የድሮዋን ልጅ፣ ዋርካውን፣ የወንድሟን እግር፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ወረቀት እዚያው ድንጋይ ላይ ነገርኋቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። አልወቀሱኝም፤ አላባበሉኝምም። ነጠላቸውን አስተካክለው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉ። «ሬዲዮም ያው ነው። በትክክል ቢገምቷት አንድ ልጅ ትጎዳለች። ተሳስተው ሌላዋን ቢጠሩ ሁለት። ለዚህ ነው አስቀድሜ እዚህ የማመጣው። እዚህ ሲወድቅ ማንም አይሰበርም።»

የሳቸው ዘዴ ይኸው ነው። ዘገባ ሲጽፉ በደሉን ያወጡና ምልክቱን ብቻ ይዘው ወፍጮ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ወደ ማር ተራ፣ አንዳንዴ ወደ ፍየል ተራ። «የማን ልጅ ናት?» ለሚለው አንድ ሰው እንኳ መልስ ካገኘ፣ ያ ዘገባ አይተላለፍም። እኛ ከተማ የአዘጋገብ መመሪያ አለን፤ ሥልጠና አለን፤ ለሥልጠናው ምሳም አለን። በዚያ ሁሉ ውስጥ ይህን የመሰለ አላየሁም። እንደዚያ ቀን የሥራ ባልደረባ ያከበርሁበት ጊዜ የለም።

ስድስተኛውን ቀን አብረን ጻፍን፤ ወይም አብረን ሰረዝን ብል ይሻላል። በቅሎዋ ወጣች። ሳወጣት አመመኝ፤ አልዋሽም። ማሩ ወጣ፣ ጉብታው ወጣ፣ የሟች አባት ወጣ። ልጅቷ እየሳሳች ሄዳ «አንዲት የዋግ ልጅ» ብቻ ሆነች። ይሄ እንግዲህ ምን ዘገባ ነው አልሁ፤ ምን ቀረ?

ደብሪቱ ወረቀቱን ወደኔ አዞሩት። «ሰውየው አልቀረም?» አሉኝ።

ደጋግሜ አነበብሁት። ለካ ልጅቷን ስናወጣት ሰውየው ብቻውን ተራቁቶ ቀርቷል። ከገበያ ስትመለስ ጠብቆ የእናቷን ስም ጠርቶ ሰላም ማለቱ። የዘመድ ዘመድ ነኝ ማለቱ። ከተማ ለልጅ ጠባቂነት ሰው ይፈልጋሉ ማለቱ። «ለእናትሽ አሁን አትንገሪ፤ የመጀመሪያውን ደመወዝ ልከሽ ድንገት ደስ አሰኚያት» ማለቱ። መንገድ ላይ ሌባ አለ ብሎ ስልኳንና የተማሪ መታወቂያዋን እኔ ልያዝልሽ ማለቱ። ልጅቷ ያን ዕለት የለመነችኝ ይህንኑ ነበር፤ ያለኝን ይንገሩልኝ፣ እኔን ይተዉኝ። እኔ በቅሎ ሳይ ነው ያመለጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ተመለስን። ደብሪቱ አሁን የልጅቷ ምልክት ስላልቀረበት ሙሉውን አነበቡት፤ በኽምጣኛ ጀምረው በአማርኛ ደገሙት። ጆሮዬ «የማን ልጅ ናት?» የሚለውን ይጠብቃል። የጠየቀ የለም። ትናንት ያወቀቻት ሴት የለችም፤ በእሷ ቦታ ሌላ ተቀምጣለች። በመጨረሻ እሷ ተናገረች።

«ያ የዘመድ ዘመድ ነኝ ያለው፣ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች። «እህቴ ዘንድ በቀደም አንዱ መጥቶ እንዲሁ ለልጇ ብሏታል። ለእናትሽ አትንገሪ ያለውን ሳይቀር።»

ደብሪቱ ማስታወሻቸውን ዘጉ። ሴትዮዋን ክንዷን ይዘው፣ ጆንያዋን ለጎረቤቷ አደራ አስብለው፣ በቀጥታ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ወሰዷት። ሳይመሽ የዚህኛው ሰውዬ ነገር ፖሊስ ጆሮ ገብቶ ነበር። የእህቷ ልጅ ከቤቷ አልወጣችም ነበር፤ አሁንም እናቷ ዘንድ ናት። ይህን ስሰማ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ቆሜ አለቀስሁ። ሐጂ ምን ሆንሽ ሳይሉ ከሳሙናው ጀርባ መቅረጫዬን አውጥተው ሰጡኝ፤ ናፍቆኝ መስሏቸው ነው።

ሰባተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ዘገባው በደብሪቱ ድምፅ የሚተላለፈው በዚያ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ሐጂ በገበያ ቀን ሬዲዮናቸውን የሱቁ ደረጃ ላይ አውጥተው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፤ ለገዥ ማረፊያ ይሆናል ይላሉ። ሻንጣዬን በሽቦ በታሰረው ጎማ አቁሜ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ከሱቁ ጥግ ቆምሁ። ደረጃው ሰው ሞልቶታል። ባለ ፍየሉ፣ ባለ ማሩ፣ ጨው የሚመዘንላቸው ሴቶች። ከሴቶቹ መሃል አንዷን አየኋትና ደነገጥሁ። የልጅቷ እናት ናቸው። ገበያ እንደሚወጡ ደብሪቱ ነግረውኝ፣ መንገድ ላይ ብንገናኝ እንዳልተዋወቅን እንድንተላለፍ ተስማምተን ነበር፤ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ደረጃ ላይ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ሬዲዮው ጀመረ። አንዲት የዋግ ልጅ ከገበያ ስትመለስ አንድ ሰው የእናቷን ስም ጠርቶ ሰላም አላት። ሐጂ ሚዛኑን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ባለ ፍየሉ ገመዱን ሰብስቦ ተጠጋ። እናቲቱ ጨው የሚቀበሉበትን ጨርቅ እንደዘረጉ ናቸው፤ እጃቸው አይንቀሳቀስም። አንድም ሰው ወደሳቸው አላየም። ያ ሁሉ ዘር ቆጣሪ፣ ከዘጠኝ ጎጥ ማዶ ያለን ሰው በበቅሎው ጆሮ የሚለይ ሁሉ፣ ሰውየውን ብቻ ነበር የሚፈልገው። አንዷ፣ ልጆቼን ዛሬውኑ አስቀምጬ እነግራቸዋለሁ አለች። ሌላይቱ ረገመችው።

ሲያበቃ ሐጂ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ጨውን አፍሰው በእናቲቱ ጨርቅ ላይ ገለበጡት፤ ከሚዛኑም በላይ አንድ እፍኝ ጨመሩበት፤ ለሁሉም እንዲያ ያደርጋሉ።

«ያቺን ልጅ የወለደች እናት የት ትሆን ዛሬ» አሉ። «የትም ትሁን፣ አላህ ያበርታት። ልጇንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት።»

ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ አሜን አለ። እናቲቱም ጨርቃቸውን ቋጠሩና፣ እንደ ማንኛዋም ሴት፣ «አሜን» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ደረጃውን ወረዱ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም።